ለአነስተኛ ወርክሾፕ ኮምባይንድ የእንጨት ማሽን ወይስ የተነጣጠሉ ማሽኖች? የአመራረጥ መመሪያ

የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ ለመክፈት የሚዘጋጁ ወይም ያላቸውን ለማስፋት የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ሁሉን በአንድ የያዘውን ኮምባይንድ ልግዛ ወይስ መሰንጠቂያውንና መላጊያውን ለየብቻ?» ሻጩ ብዙውን ጊዜ የሚመልሰው በዋጋና በአገልግሎት ብዛት ነው። ምርጫውን በትክክል የሚወስኑት ግን እንጨቱ ከጥሬ ጣውላ እስከ ተጠናቀቀ ዕቃ የሚሄድበት መንገድና በአንድ ጊዜ የሚሠሩት ሰዎች ቁጥር ናቸው። የሚከተሉት ደረጃዎች እነዚህን ሁለት ነገሮች በራስዎ ወርክሾፕ ላይ እንዲለኩ ያደርጉዎታል።

በዚህ መመሪያ ውስጥ «ኮምባይንድ» ስል አብዛኛውን ጊዜ አምስት ሥራዎችን በአንድ አካል ላይ የያዘውን ማሽን ማለቴ ነው። እነሱም በክብ መጋዝ መሰንጠቅ፣ ገጽና ጠርዝ መላግ፣ ውፍረት ማመጣጠን፣ በቆመ ዘንግ ላይ በሚሽከረከር ቢላዋ ቅርጽና ቦይ ማውጣት፣ እንዲሁም ለማያያዣ የሚሆን ሴቴ ቀዳዳ መብሳት ናቸው። በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ምርጫም አለ፤ ከላይ ገጽ የሚልግ፣ ከሥር ውፍረት የሚያመጣጥን ጥንድ መላጊያ ከተለየ መሰንጠቂያ ጋር መግዛት ይቻላል። ብዙ ገዢዎች ይህን ሳያዩት ያልፋሉ።

ለውሳኔው የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ወረቀትና እርሳስ፣ ያለፉት ሦስት ወራት ወይም የሚጠብቋቸው ሥራዎች ዝርዝር
- ቢያንስ 5 ሜትር የሚደርስ ሜትርና ጠመኔ
- የወርክሾፑ ቆጣሪ ስንት ፌዝ እንደሆነና ዋናው ብሬከር ስንት አምፔር እንደሚሸከም የሚገልጽ መረጃ
- 1 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ቀጥተኛነቱ የታወቀ የብረት ማስመሪያ፣ ስኳድራ እና ካሊበር
- የክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶች፤ ካላገኙ ተራ የጽሕፈት ወረቀት፣ ውፍረቱ ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ
- ለሙከራ የሚሆኑ፣ ርዝመታቸው ከ1 ሜትር የማያንስ ሁለት ሻካራ ጣውላዎች

ደረጃ 1፦ የሚሠሩትን ዕቃና ጥሬ ዕቃውን ይዘርዝሩ

በዝርዝርዎ ላይ እያንዳንዱ ሥራ ከጣውላ ወይም ከሞራሌ የሚሠራ መሆኑን፣ አለዚያም ከኤምዲኤፍ፣ ከቺፑድና ከኮምፔንሳቶ የሚሠራ መሆኑን ይለዩ። ይህ ደረጃ መጀመሪያ የመጣው ሌላውን ሁሉ ዋጋ ቢስ ሊያደርገው ስለሚችል ነው። ሥራዎ በአብዛኛው የኪችን ካቢኔትና ቁም ሳጥን ከኤምዲኤፍ ከሆነ መላጊያ፣ ውፍረት ማመጣጠኛና ቀዳዳ መብሻ በወር አንድ ጊዜ እንኳ ላይነኩ ይችላሉ፤ ስለዚህ አምስት ሥራ ያለው ማሽን ገዝተው የሚጠቀሙት በአንዱ ብቻ ይሆናል። 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ክብደቱ ወደ 40 ኪሎ ይደርሳል። ይህን በትንሽ የኮምባይንድ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰው ቀጥ አድርጎ ሊገፋው አይችልም። በእንዲህ ዓይነት ወርክሾፕ ገንዘቡ መሄድ ያለበት ተንሸራታች ጠረጴዛ ወዳለው የተለየ መሰንጠቂያ ነው፤ ከዚያም የሚቀጥሉትን ደረጃዎች ለቦታና ለኃይል ብቻ ይጠቀሙባቸው።

ከዋንዛ፣ ከዝግባ፣ ከጽድ ወይም ከግራቪሊያ ጣውላ በር፣ መስኮት፣ ወንበርና አልጋ የሚሠሩ ከሆነ ግን አምስቱም ሥራዎች ያስፈልጉዎታል፤ ጥያቄውም በእርግጥ ይነሳል።

ደረጃ 2፦ የአንድን ዕቃ መንገድ ተከትለው የማሽን ለውጦችን ይቁጠሩ

ይህ የመመሪያው ዋና ደረጃ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። ብዙ የሚሠሩትን አንድ ዕቃ ይምረጡና እንጨቱ የሚያልፍበትን እያንዳንዱን ሥራ በቅደም ተከተል ይጻፉ። ለምሳሌ ሁለት ቋሚና ሦስት አግዳሚ ያለው የጣውላ በር እንውሰድ። ጣውላው በመጀመሪያ በሻካራው ይሰነጠቃል፤ ቀጥሎ አንድ ገጹና አንድ ጠርዙ ይላጋል፤ ከዚያ ውፍረቱ ይመጣጠናል፤ እንደገና ወደ መጋዝ ተመልሶ በወርድና በርዝመት ይቆረጣል፤ ቋሚዎቹ ሴቴ ቀዳዳ ይበሳባቸዋል፤ በመጨረሻም የአግዳሚዎቹ ወንዴ ምላስና የመሙያው ቦይ ይወጣል።

ገጹ ከውፍረቱ መቅደም ያለበት ለምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የውፍረት ማመጣጠኛው ሮለሮች የተጣመመውን ጣውላ ተጭነው ያሳልፉታል፤ ጣውላው እንደወጣ ግን ወደ ጠማማነቱ ይመለሳል፤ ማሽኑ ያደረገው ጠማማውን እኩል ውፍረት ያለው ጠማማ ማድረግ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመላጊያ ወደ ማመጣጠኛ የሚደረገውን ለውጥ ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ መዝለል አይቻልም፤ በቆጠራዎ ውስጥ ሁልጊዜ ይኖራል።

በኮምባይንድ ላይ ይህ በር አምስት ለውጦችን ይጠይቃል፦ ከመጋዝ ወደ መላጊያ፣ ከመላጊያ ወደ ማመጣጠኛ፣ ከማመጣጠኛ ወደ መጋዝ፣ ከመጋዝ ወደ መብሻ፣ ከመብሻ ወደ ቅርጽ ማውጫ። አንዳንዱ ለውጥ መጋዙን ዝቅ አድርጎ እንጨቱን በቀጥታ የሚመራውን ጋይድ ማንሳት ብቻ ነው። አንዳንዱ ግን የመላጊያውን ጠረጴዛዎች ማንሳትን፣ ሰጋቱራውን እየሳበ የሚያወጣው መሣሪያ (የሰጋቱራ መሳቢያ) የሚገናኝበትን ሽፋን መገልበጥን፣ ቱቦውን መቀየርንና መለኪያውን እንደገና ማስተካከልን ይጠይቃል። አሥር በሮች በአንድ ላይ ካዘጋጁ ሃምሳ ቋሚና አግዳሚ በእነዚሁ አምስት ለውጦች ያልፋሉ፤ ለእያንዳንዱ በር የሚደርሰው የለውጥ ጊዜ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አንድ በር ብቻ ከሆነ ግን ያው አምስት ለውጥ ለአምስት እንጨት ይሆናል። ብዙ ሰው የተለያየ ጥቃቅን ሥራ ለሚሠራ ሰው ኮምባይንድ ይሻላል ብሎ ያስባል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ኮምባይንድ የሚመቸው ሥራውን አጠራቅሞ በአንድነት ለሚያሳልፍ ሰው ሲሆን፣ ደንበኛ በየሰዓቱ «ይህቺን ጣውላ ብቻ ላግልኝ» እያለ የሚመጣበት ወርክሾፕ በተነጣጠሉ ማሽኖች ይበልጥ ይሠራል።

ከጊዜው በላይ የሚጎዳው ሌላ ነገር የተስተካከለ ልክ መጥፋቱ ነው። አግዳሚዎችን ሁሉ በ40 ሚሊ ሜትር አመጣጥነው ወደ መብሻ ከተሻገሩ በኋላ አንዱ አግዳሚ ተሰነጠቀ እንበል። ማመጣጠኛውን እንደገና 40 ላይ ቢያደርጉትም የ0.3 ሚሊ ሜትር ልዩነት በቀላሉ ይፈጠራል፤ ይህም ቋሚና አግዳሚ በሚገናኙበት ቦታ ጣት ሲያልፍበት የሚሰማ እርከን ሆኖ ይቀራል። የተለየ ማመጣጠኛ ያለው ሰው ልኩን ሳይነካ ሥራው እስኪያልቅ ይተወዋል። በጥንድ መላጊያም ቢሆን ወደ ገጽ መላጊያ ሲመለሱ የሥር ጠረጴዛው ብዙ ጊዜ ዝቅ ስለሚል ልኩ ይጠፋል። በኮምባይንድ ወይም በጥንድ ለመሥራት ከወሰኑ ከእያንዳንዱ ልክ አንድ ወይም ሁለት ትርፍ እንጨት አብረው ያሳልፉ፤ ቁራጩንም «40» ብለው ጽፈው ለማመሳከሪያ ያስቀምጡ።

ደረጃ 3፦ በአንድ ጊዜ የሚሠሩትን ሰዎች ይቁጠሩ

ኮምባይንድ በአንድ ጊዜ የሚያሠራው አንድ ሰው ነው። ሁለተኛው ሠራተኛ ኮላ የሚቀባ፣ የሚያጠብቅና ጫፍ የሚያስተካክል ከሆነ ችግር የለም። ሁለት ሰዎች በየቀኑ ማሽን የሚጠቀሙ ከሆነ ግን አንዱ ቆሞ ይጠብቃል፤ የሚከፈለውም እየቆመ ነው። በማኅበር ተደራጅተው በሼድ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ደረጃ በተለይ ሊያዩት ይገባል፤ አምስት አባላት አንድ ኮምባይንድ ሲጋሩ አለመግባባቱ የሚጀምረው «የኔን ልክ ማን ነካብኝ» ከሚለው ነው።

ደረጃ 4፦ ቦታውን በማሽኑ ሳይሆን በእንጨቱ ርዝመት ይለኩ

የማሽኑ መጠን ብቻ ቢለካ ሁሉም ይገባል። መለካት ያለበት እንጨቱ ከመጋዙ ወይም ከቢላዋው በፊትና በኋላ የሚይዘው ርዝመት ነው። ለ2.10 ሜትር በር የሚቆረጥ ሻካራ ጣውላ 2.2 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ከቢላዋው በፊት 2.2፣ ከኋላ 2.2፣ ለሰው መቆሚያና መተላለፊያ 1 ሜትር፣ ባጠቃላይ 5.4 ሜትር ቀጥተኛ መስመር ያስፈልጋል። ለ2.44 ሜትር ኤምዲኤፍ ደግሞ 6 ሜትር ገደማ ይሆናል።

1. እያንዳንዱን ማሽን በጠመኔ በወለሉ ላይ ይሳሉ።
2. ለእያንዳንዱ ሥራ የእንጨቱን መንገድ በረጅም መስመር ያስምሩ።
3. መስመሮቹ የሚሻገሩበትን ቦታ ያስተውሉ። አንድ ሰው ብቻ የሚሠራ ከሆነ መሻገራቸው አይጎዳም፤ ሁለት ከሆኑ አንዱ እንጨት ሲያወጣ ሌላውን ይመታል።
4. ከመጋዙ ጀርባ በቀጥታ በር ካለ መስመሩን በበሩ ያሳልፉ፤ ረጅም ጣውላ በተከፈተ በር እየወጣ ሊሰነጠቅ ይችላል።

የተነጣጠሉ ማሽኖች የግድ ሰፊ ቦታ ይፈልጋሉ የሚባለው በከፊል ብቻ ትክክል ነው። የመላጊያው ጠረጴዛ ከመሰንጠቂያው ጠረጴዛ በጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ካለ ከአንዱ የሚወጣው እንጨት በሌላው ላይ ማለፍ ስለሚችል ሁለቱ አንድ መስመር ይጋራሉ። ቀለል ያሉ ማሽኖችን ፍሬን ባለው ጎማ ላይ ማድረግም ይቻላል። ከ4 ሜትር በታች በሆነ ክፍል ግን እንጨቱ በተከፈተ በር ካልወጣ በቀር የትኛውም አደራደር የበር ቋሚ አያሳልፍም፤ ማሽን ከመምረጥዎ በፊት ቦታ መቀየርን ያስቡ።

ደረጃ 5፦ የኤሌክትሪክ ኃይሉን ያሰሉ

በኢትዮጵያ ነጠላ ፌዝ 220 ቮልት፣ ሦስት ፌዝ 380 ቮልት ሲሆን ድግግሞሹ 50 ኸርዝ ነው። በኮምባይንድ ላይ በአንድ ጊዜ የሚዞረው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሞተር ብቻ ስለሆነ የሚያስፈልግዎ የትልቁ ሞተርና የሰጋቱራ መሳቢያው ድምር ነው፤ ለምሳሌ 3 ሲደመር 1.5፣ ማለትም 4.5 ኪሎ ዋት። ሁለት ሰው በተነጣጠሉ ማሽኖች ሲሠራ ግን 3 ሲደመር 3 ሲደመር 1.5፣ ማለትም 7.5 ኪሎ ዋት ይሆናል። የመጀመሪያው በነጠላ ፌዝ ወደ 30 አምፔር ይስባል፤ ሁለተኛው በሦስት ፌዝ በየመስመሩ ከ15 እስከ 16 አምፔር ብቻ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው አምስት እስከ ሰባት እጥፍ ለአጭር ጊዜ ይስባል። ስለዚህ ነጠላ ፌዝ ብቻ ያለው ሰው ወይ ትንንሽ ሞተሮችን ይመርጣል ወይ ማሽኑን ከማዘዙ በፊት ሦስት ፌዝ ከኤሌክትሪክ አገልግሎት ይጠይቃል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ማሽኑ ተጠቅልሎ ይቀመጣል።

ከአሜሪካ ማሽን ለመላክ የሚያስቡ ወገኖች አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። የዚያ አገር ሞተር ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን እንጂ ድግግሞሹን አያስተካክልም፤ በደቂቃ 3450 የሚዞረው ሞተር እዚህ ወደ 2875 ይወርዳል፣ የመጋል ዕድሉም ይጨምራል። የመጋዙ ቀዳዳም ብዙ ጊዜ አምስት ስምንተኛ ኢንች ስለሆነ ባለ 30 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ መጋዞች ለማሽኑ አይገጥሙም። ለ50 ኸርዝ የተሠራ ማሽን መግዛት ወይም ሞተሩን መቀየር የተሻለ ነው።

ደረጃ 6፦ ይወስኑ

- አንድ ሰው በማሽን ይሠራል፣ ቦታው አንድ ረጅም መስመር ብቻ አለው፣ ሥራው ከጣውላ ነው፣ ተጠራቅሞም ይሠራል፦ ኮምባይንድ ይግዙ።
- ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው በየቀኑ በማሽን ይሠራል፣ ወይም ጥቃቅን ትዕዛዝ ቀኑን ሙሉ ይመጣል፦ የተነጣጠሉትን ይግዙ።
- በመካከል ያሉት፣ ማለትም አብዛኞቹ አነስተኛ ወርክሾፖች፦ የተለየ መሰንጠቂያና ጥንድ መላጊያ ይግዙ፤ መብሻውንና ቅርጽ ማውጫውን ሥራው ሲጠይቅ ይጨምሩ። መጋዙ በቀን ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚነካ ማሽን ስለሆነ እሱን ነጻ ማድረግ ብቻውን ከደረጃ 2 ለውጦች አብዛኞቹን ያስቀራል።

ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ካልሞላ መሰንጠቂያው ይቅደም፤ ጥንድ መላጊያው እስኪገዛ ድረስ ጣውላውን በክፍያ ሌላ ዘንድ ማስላግ ይቻላል። በካፒታል ዕቃ ሊዝ፣ ማለትም የፋይናንስ ተቋም ማሽኑን ገዝቶ እርስዎ በየጊዜው በሚከፍሉበት መንገድ የሚገዙ ከሆነ ግን ፕሮፎርማው ከመቅረቡ በፊት ይወስኑ፤ ከጸደቀ በኋላ የማሽኑን ዓይነት መቀየር አስቸጋሪ ነው።

ደረጃ 7፦ ከመክፈልዎ በፊት ማሽኑን ይፈትሹ

ኃይሉ ተነቅሎ የሚከተሉትን ያድርጉ።

1. ማስመሪያውን በመላጊያው ሁለት ጠረጴዛዎች ላይ ያጋድሙና ሁለቱ እኩል ከፍታ ላይ ሲሆኑ ወረቀት በሥሩ ያልፍ እንደሆነ ይሞክሩ። ከዚያ ጠረጴዛዎቹን ሦስት አራት ጊዜ ከፍተው ይዝጉና እንደገና ይለኩ። ይህ ሙከራ ኮምባይንድንና ጥንድ መላጊያን በተለይ ይመለከታል፤ መጀመሪያ ላይ ልክ የነበረው ጠረጴዛ ከተከፈተ በኋላ ወደ ቦታው ካልተመለሰ በእያንዳንዱ ለውጥ የተላገው ጠርዝ ይጣመምብዎታል።
2. ቺንጋውን አላቀው የቢላዋውን ዘንግ በእጅ ያዙሩ፣ ወደ ላይና ወደ ጎንም ይነቅንቁ። የሚንገራገጭ ወይም የሚላወስ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። የኩሽኔታውን ቁጥር ጽፈው መርካቶ ይገኝ እንደሆነ ሳይከፍሉ ያረጋግጡ።
3. ሞተሮቹን ይቁጠሩ። አንድ ሞተር ብቻ ባለው ኮምባይንድ ያ ሞተር ሲቃጠል አምስቱም ሥራ ይቆማል፤ ሦስት ሞተር ባለው ደግሞ ሌሎቹ ይቀጥላሉ።
4. ከመጋዙ ጀርባ የሚቆመው መለያያ ብረት መኖሩን ይዩ። ውፍረቱ ከመጋዙ አካል የሚበልጥ፣ ከጥርሱ ስፋት ደግሞ የሚያንስ መሆን አለበት፤ አካሉ 2.2፣ ጥርሱ 3.2 ሚሊ ሜትር ለሆነ መጋዝ ከ2.5 እስከ 2.8 ይስማማል።
5. ኃይል ከተገናኘ በኋላ ሁለቱን የሙከራ ጣውላዎች ይላጉ፣ ጠርዛቸውንም አጋጥመው በብርሃን ፊት ይያዙ። በመካከላቸው ብርሃን የሚያልፍ ከሆነ ሻጩ እዚያው እንዲያስተካክል ይጠይቁ።

ደረጃ 8፦ ተከላ

ማሽኑን በደረጀና በተስተካከለ ሲሚንቶ ወለል ላይ በውኃ ልክ ያስቀምጡ፤ አካሉ ከተጣመመ ጠረጴዛዎቹም ይጣመማሉ። ሦስት ፌዝ ሲገናኝ ሞተሩ ለአፍታ ብቻ ተነክቶ አቅጣጫው ይታያል፤ ተገልብጦ ከዞረ ኤሌክትሪሻኑ ማናቸውንም ሁለት መስመሮች ያቀያይራቸዋል። ይህ ሳይረጋገጥ መጋዝ አይታሰር፤ በተቃራኒ አቅጣጫ መዞር የሚያጠብቀውን ብሎን ሊያላላው ይችላል።

ማስጠንቀቂያዎች

በብዙ ኮምባይንዶች ላይ የመብሻውን ስለት የሚይዘው ጉጠት የተገጠመው በመላጊያው ዘንግ ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ መላጊያው በዞረ ቁጥር የመብሻው ስለትም በጎን በኩል አብሮ ይዞራል፤ የሚላገውን እንጨት የሚያይ ሰው ግን አያየውም። ቀዳዳ መብሳት እንዳበቃ ስለቱን አውልቀው ጉጠቱን ይሸፍኑ።

ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሲቀይሩ ማሽኑን በማጥፊያው ብቻ ሳይሆን ከዋናው ብሬከር ይለዩት፤ ኮምባይንድ ላይ እጅ ከቢላዋ አጠገብ የሚገባበት ጊዜ ከተነጣጠሉት ይልቅ በጣም ብዙ ነው።

መለያያ ብረቱን አያውልቁ። የተሰነጠቀው እንጨት ሲዘጋ መጋዙን ከኋላ ይይዘዋል፤ መጋዙም እንጨቱን አንስቶ ወደ ሠራተኛው ይወረውረዋል።

ጓንት አድርገው በሚዞር ማሽን አይሥሩ፤ ከ30 ሴንቲ ሜትር ያጠረ እንጨትም በመላጊያ አያሳልፉ። የእንጨት ብናኝ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች የተመደበ ስለሆነ የሰጋቱራ መሳቢያና የአፍንጫ መሸፈኛ ከማሽኑ ጋር አብረው በበጀቱ ይካተቱ።

የተለመዱ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት ዋጋን ከዋጋ ማወዳደር ነው። የኮምባይንዱን ዋጋ ከአምስት የተነጣጠሉ ማሽኖች ድምር ጋር የሚያወዳድር ሰው ሁልጊዜ ኮምባይንዱን ርካሽ ያገኘዋል፤ ትክክለኛው ንጽጽር በእርግጥ ከሚያስፈልጉት ሁለት ወይም ሦስት ማሽኖች ጋር ነው።

ሁለተኛው፣ ሰፊ መላጊያ አለው ብሎ መምረጥና ጠረጴዛውን መርሳት ነው። ረጅም ጠርዝ ቀጥ የሚያደርገው የጠረጴዛው ርዝመት ነው፤ ቋሚው ከጠረጴዛው ድምር ርዝመት ከሁለት እጥፍ በላይ ሲረዝም ቀጥ አድርጎ መላግ ይከብዳል።

ሦስተኛው፣ ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ መጠቀም ነው። በረጅምና በቀጭን ገመድ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ሞተሩም ጉልበት ሲያጥረው ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ለእያንዳንዱ ቋሚ ማሽን የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይዘርጋለት።

አራተኛው፣ ኮምባይንድ ከገዙ በኋላ እንደ ተነጣጠለ ማሽን መሥራት ነው። በሩን አንድ በአንድ እየጨረሱ የሚሠሩ ከሆነ በደረጃ 2 የተቆጠሩት ለውጦች በእያንዳንዱ በር ይደገማሉ። ማሽኑን ከመክሰስዎ በፊት የሳምንቱን ትዕዛዝ በአንድነት ይቁረጡ፣ በአንድነት ይላጉ፣ በአንድነት ያመጣጥኑ። ይህን ለአንድ ወር አድርገው አሁንም መጋዙን የሚጠብቅ ሰው ካለ ቀጥሎ የሚገዙት የተለየ መሰንጠቂያ ነው፤ ኮምባይንዱም በመላጊያነት፣ በማመጣጠኛነትና በመብሻነት ማገልገሉን ይቀጥላል።